የአብርሆት ጉድጓድ

ጥቅምት 5 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

የባዮሎጂ ደብተሬ ከኋላው ብዙ ባዶ ገጽ ስላለው እዚህ ልጽፍ ነው። ለማንም አይደለም። ቤታችን ውስጥ የሚናገር ሰው ስለጠፋ ነው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ የወረዳው ሰውዬ፣ አቶ ሀብተ ማርያም፣ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሞተራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አባዬ በገዛ ቤቱ ወንበር እንዳጣ ሰው ፊታቸው ቆሟል።

"ዘንድሮም የቆጮ ቀን ይከበራል" አሉኝ፣ እኔ የጠየቅኋቸው ይመስል። "አምና የሙከራ ነበር። ዘንድሮ ከቦንጋ እንግዶች አሉ፣ ከዋጫም ይመጣሉ፣ ካሜራ ይኖራል። ዋናው ደግሞ የእህትህ ቆጮ ነው። አምና የቀመሱት ሁሉ እስካሁን ያነሱታል። በዚያ ላይ ታሪኩ ሰው ይይዛል።"

"ታሪኩ" ያሉት በነሐሴ መሞቷን ነው።

እህቴ አብርሆት በሚያዝያ ቆጮ የቀበረችበት ጉድጓድ በታኅሣሥ ይከፈት፣ ለእንግዶቹም ይጋገር ነው ነገሩ። አባዬ "እሺ" አለ። ሰውዬው እጁን ጨብጠውት ሄዱ።

እማዬ ውስጥ ተኝታ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሁሉንም ትሰማለች።


ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

እማዬ ዛሬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከአርባዋ ወዲህ ይሄ ረጅሙ ንግግሯ ነው።

"የጉድጓዱን ቅጠል በዛወርቅ ቀየረችው?"

"አዎ። ከመስቀል በፊት።"

"ድንጋዩንስ መለሰችው?"

"መልሰውታል።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እትዬ በዛወርቅ የአባዬ እህት ናቸው፤ ቤታቸው ከኛ እንሰት በታች ነው። ባለፈው ወር እሳቸውም መንገድ ላይ አስቁመው ጠይቀውኝ ነበር። "ቅጠሉን እናትህ ቀየረች ወይስ እኔ ልምጣ?" ሲሉኝ "እማዬ ቀይራዋለች" አልኳቸው። "ጎሽ! ተነሳች ማለት ነዋ!" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

እንግዲህ ሁለቱም መልስ አላቸው።

ቆጮ ቀብረው የሚረሱት ነገር አይደለም። በየጊዜው ድንጋዩ ይነሳል፣ የጠቆረው የእንሰት ቅጠል ይወጣል፣ ቆጮው ይገላበጣል፣ በአዲስ ቅጠል ተሸፍኖ እንደገና ይጫናል። አለበለዚያ አየርና ውሃ ይገባዋል። ሥራው የሴቶች ነው። እኛ ጋ ወንድ ጉድጓዱ አፍ ላይ አይቆምም። አባዬ እንኳ በዚያ በኩል ሲያልፍ ዞሮ ነው።

ድንጋዮቹን ያስቀመጠቻቸው ግን አብርሆት ናት። ሌላ ሰው እንዲያነሳቸው አልፈልግም። ይኸው ነው።


ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ክፍል ውስጥ ስም ወጣልኝ፤ የቆጮ አምባሳደር። ያወጣው ሰላሐዲን ነው።

"እንግዶቹ ፊት ስትቆም ክራቫት ነው የምታስረው ወይስ የእንሰት ቅጠል?" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰላሐዲን የቀብሯ ዕለት ከአባቱ ጋር መጥቶ በዝናብ ሲቆፍር የዋለ ነው። እሱ ቢቀልድብኝ አይከፋኝም።

የከፋኝ ወረቀቱ ነው። አቶ ሀብተ ማርያም ለበዓሉ ቀን እኔ የማነበውን ጽፈው በትምህርት ቤት በኩል ላኩልኝ። "እህቴ አብርሆት ይህን ቆጮ በገዛ እጇ አዘጋጅታ፣ ለእናንተ ለእንግዶቻችን ትታ አለፈች" ይላል።

ለእንግዶች አልነበረም። ለገና ነበር። ለኛ።


ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ዝናቡ አላቆመም። ነገ የኬሚስትሪ ፈተና አለ፤ አላጠናሁም።

ወደ ጓሮ ሄጄ ነበር። ከድንጋዮቹ ሥር ጥቁር ውሃ ወጥቶ ወደ ቡናው ፈሷል። የዝናብ ውሃ ነው። ቅጠል ላይ የተኛ ውሃ እንደዚያ ይጠቁራል።

አፈር አለበስኩበትና መጣሁ።


ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

እትዬ በዛወርቅ እማዬን ሊጠይቁ መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባዬ እንጨት አምጣ ቢለኝም አልሄድኩም።

"ብርቄ፣ ተነሽ እንጂ!" አሉ እትዬ በዛወርቅ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብለው። "እዚሁ ልትበቅይ ነው እንዴ? ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚ ጠፍቶ ወንድሜ ብቻውን ይንቀለቀላል። ለነገሩ እሱ ብቻውን መሥራት ይወዳል፤ አፉን እንዳያስከፍቱት።"

እማዬ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። አየኋት።

"ደግሞ ለጉድጓዱ ተነስተሽ፣ ለሌላው..." ብለው ሲጀምሩ በእግሬ የውሃውን ጀሪካን መታሁት። ተገለበጠ። ውሃው አልጋው ሥር ገባ።

"ኧረ ምን ሆኗል ይሄ ልጅ! ዓይኑ የት ነው?"

ጨርቅ ፍለጋ፣ ውሃ መጥረግ፣ እኔን መርገም። በዚያው ወሬው ተረሳ።

እማዬ በጨዋታው መሃል ሁለት ጊዜ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ጉንፋን ይዟት ይሆናል። ከሄዱ በኋላም የጓሮውን በር ዝጋው አለችኝ። ዘጋሁት።


ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ሺሺንዳ ከተማ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ጋ፣ ባነር ተሰቅሏል። "ሁለተኛው የቆጮ ቀን" ይላል። ከጽሑፉ ጎን አብርሆት አለች።

አምና የተነሳችው ፎቶ ነው። ቆጮውን በቅጠል ላይ ይዛ ትስቃለች። ጥርሷ ሁሉ ይታያል። እሷ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። እዚያ ላይ ያልሸፈነችው እጆቿ ቆጮ ይዘው ስለነበር ነው። ሰዉ ሁሉ አሁን እንደዚህ ነው የሚያውቃት።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀና ብሎ "ቆንጆ ናት። ከቦንጋ ያመጧት ተዋናይ ናት?" ብሎ ጓደኛውን ጠየቀው። ጓደኛው "እኔ እንጃ፣ የቆጮ ማስታወቂያ ነው" አለው።

ከዛሬ ጀምሮ በላይኛው መንገድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው የምመላለሰው። ይረዝማል።


ኅዳር 5

ልነግራት አሰብኩ። ገና "እማዬ" ስላት ዓይኗን ገለጠች። "ውሃ ልስጥሽ?" አልኳት።

ነገ።


ኅዳር 6

ነገ አይሆንም፣ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ቡና እንለቅማለን።


ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት

እማዬ ተነሳች። ማንም ሳያነሳት። ጥቁር ቀሚሷን አስተካክላ የጓሮውን በር ከፈተችና ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ እንሰቱ አድርጋ። አባዬ በደስታ የሚያደርገውን አጣ፤ መጥረጊያ አንስቶ የተጠረገ ግቢ ጠረገ።

እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ወደኛ ነበር የሚነፍሰው።

"ዝናቡ ወደዚያ ገብቶ ይሆን?" አለችኝ በአገጯ ወደ ጉድጓዱ እያሳየች።

"አልገባም።"

"አይተኸዋል?"

"ወንድ አይቀርበው፤ እንዴት አያለሁ?"

"እውነትህን ነው" አለች። ቆይታ ደግማ "እውነትህን ነው" አለች። እንዲህ የምታምነኝ ለምንድን ነው? አንድ ጊዜ ብትጠረጥረኝ ምን ነበረበት?

አሁን ክፍሌ ሆኜ ነው የምጽፈው። በሚያዝያ የሆነውን ልጽፈው። አብርሆት ጉድጓዱን ስትሞላ እኔ ከበሩ ደፍ ሆኜ ነበር የማያት፤ ዛሬ እማዬ ከተቀመጠችበት። ቅጠሉን ዙሪያውን አነጠፈች፣ ቆጮውን ጨመረች፣ ከዚያ ገብታ በእግሯ ረገጠችው። ሲረገጥ አየሩ እንዲወጣ ነው። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ አንዴ በተረከዝ አንዴ በጣት፣ ዙሪያውን እየዞረች። "ና ርገጥልኝ፣ ሰነፍ!" አለችኝ። "ወንድ ይበላል እንጂ አይረግጥም" አልኳት። "ስትበላ እግሬን ነው የምትበላው እንግዲህ!" አለችና ሳቀች። ስትወጣ የመጨረሻው ዳና እዚያው ላይ ቀረ፤ አምስቱ ጣት ከነተረከዙ። ልታስተካክለው ጎንበስ አለችና ተወችው። ቅጠሉን አለበሰችበት።

ቅጠሉን የሚቀይር ሰው ቆጮውን ያገላብጠዋል። ምንም ሳያይ ያገላብጠዋል።

ሌላ ዳና የላትም። ጫማዎቿን እንኳ በአርባዋ ለዘመድ ሰጧቸው። መንገዱ ላይ ከነሐሴ ጀምሮ ስንት ዝናብ ዘንቧል።


ኅዳር 20፣ ዓርብ

አባዬ ቡና ሊያስፈትግ ወርዷል። እማዬ ተኝታለች። ሦስት ትኩስ ቅጠል ቆርጬ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ራሴ ልቀይረው። ዳናውን ሳልነካ፣ ከላይ ከላዩ ብቻ።

የዳሩን ድንጋይ አነሳሁ። ቅጠሉ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ መጣ፤ እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀደደ።

ድንጋዩን መለስኩት።

ያየሁት ትንሽ ነው። ዳር ዳሩ ሁሌም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። መሃሉ ደህና ይሆናል።

የቆረጥኳቸውን ቅጠሎች እማዬ እንዳታይ ለፍየሏ ሰጠኋት። አንዱን በላች፣ ሌሎቹን ተኛችባቸው።


ኅዳር 26፣ ሐሙስ

አባዬ ወደ ጓሮ ገባ፤ ዞሮ ሳይሆን ቀጥ ብሎ። እኔ ከቡናው መሃል ሆኜ አየሁት። ድንጋዮቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በአፍንጫው ሳበ። ወዲያው ቀና አለ።

ጠራኝ። ከቤቱ ራቅ አድርጎ ወሰደኝ።

"በዛወርቅ ናት ቅጠሉን የቀየረችው?"

"ማንም አልቀየረውም።"

እንደሚመታኝ ጠብቄ ነበር። ኮፍያውን እጁ ላይ አሽከረከረው፤ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር።

"እናትህ እንዳትሰማ" አለ።

"አባዬ፣ ለአቶ ሀብተ ማርያም እንንገራቸው። ከሌላ ቤት ይውሰዱ።"

"ምን ብዬ? የልጄ ቆጮ ሸተተ ልበል? ባነሩ ላይ ፊቷን ሰቅለውታል እኮ።" ኮፍያውን ማሽከርከሩን ተወ። "ሰው ሊያያት ነው የሚመጣው። ሽታ ነው እንዴ የማበላቸው?"

ኮፍያውን አድርጎ ወደ ቡናው ሄደ። እዚህ ውሸት ውስጥ ያለው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለት ሆነንበታል፤ አየሩ ግን አልጨመረም።


ታኅሣሥ 1

እትዬ በዛወርቅ "ዓርብ ጉድጓዱን ልክፈት?" አሉ። አባዬ "እኔና ልጁ እናወጣዋለን" አለ። "ወንዶች!? ከመቼ ወዲህ?" የአባዬን ዝምታ ሁሉም ሰው ለምዶታል፤ ይተውታል። እኔን ግን አይተዉኝም።

የንግግሩን ወረቀት በቃሌ ያዝኩት። ሳልፈልግ ነው የገባኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ሴል ክፍፍል ሲያስተምሩን "ለእንግዶቻችን ትታ አለፈች" የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ይዞራል።


ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አባዬ ሺሺንዳ ገበያ ሄዶ መጣ። ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ ነው የመጣው። በላይኛው መንገድ፣ በእኔ መንገድ። ጆንያውን ቡና ማድረቂያው ሥር አስቀመጠው። ከፍቼ አየሁት። በቅጠል የታሰረ ቆጮ ነው። ነጭ፣ ደህና ቆጮ። ሽታው ጥሩ ነው።

"ይሄ ነው ከጉድጓዱ የወጣው" አለ አባዬ፣ ሳያየኝ። ልምምድ ይመስላል።

"እሺ" አልኩ።


ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

በዓሉ አለቀ። እንዳይረሳኝ በሥርዓቱ ልጽፈው።

ከጠዋት ጀምሮ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ በየመደባቸው እሳት አንድደው፣ ቅጠል ዘርግተው ይጋግራሉ። ጎመን በአይብ አለ፣ ጥምዝና ኮረሪማ የገባበት ቅቤ አለ፣ ማር አለ። ልጆች ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየሮጡ ይቀምሳሉ። ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ሌላ ቤት የተወለደ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። ድንኳኑ ላይ ባነሩ አለ። እሷ አለች።

የኛን ቆጮ የጋገሩት እትዬ በዛወርቅ ናቸው። ጆንያውን ፈትተው እፍኝ አነሱና በጣቶቻቸው መሃል አሹት። እጃቸው ቆመ።

"ቃጫው እንዲህ አይለቀምም እኛ ጋ" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ፣ ይሄ የአብርሆት እጅ ነው?"

መሬት መሬት አየሁ። ወደ አባዬ ዞሩ። አባዬ ከሩቅ የድንኳን ገመድ ይዞ ነበር፤ ሌላ ሰው ያሰረውን ገመድ።

"ወይ ወንድሜ!" አሉ። መጠፍጠፍ ጀመሩ፤ ግን ጠንከር አድርገው፣ የሚመቱት ይመስል።

እማዬ አትመጣም ብለን ነበር። እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ በሜዳው ጫፍ አየኋት። ብቻዋን፣ ቀስ እያለች፣ ጥቁር ቀሚሷ ታጥቦ። ሰዉ መንገድ ከፈተላት። አቶ ሀብተ ማርያም ሮጠው ወንበር አመጡ፤ ከፊት ረድፍ፣ ከቦንጋ የመጡት እንግዶች ጎን አስቀመጧት። ባነሩን ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

"አሁን ደግሞ የዕለቱ ልዩ ዝግጅት!" አሉ አቶ ሀብተ ማርያም በማይክሮፎኑ። "ያለፈችው እህታችን አብርሆት ያዘጋጀችው ቆጮ! የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለወላጅ እናቷ እንሰጣለን! ካሜራ ወደዚህ!"

ቁራሹን በቅጠል ይዘው ሰጧት። እማዬ ተቀበለች። ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገችው። ማኘክ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው ያኘከችው። አንድ ቦታ ላይ መንጋጋዋ ቆመ፤ እንደገና ቀጠለች፤ ዋጠች።

"እንዴት ነው እናታችን?"

"ጥሩ ነው" አለች።

ካሜራው ወደኔ ዞረ። ማይኩን እጄ ውስጥ አደረጉት። ወረቀቱን አላወጣሁም፤ በቃሌ ነው። "እህቴ አብርሆት ይህን ቆጮ በገዛ እጇ..." አልኩ። ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ዞሮ መጣብኝ፤ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ቀጣዩ ቃል አለ፤ አፌ ውስጥ አለ። አልወጣ አለ። ቆምኩ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ያለቀስኩ መስሎት።

እማዬ ተነሳች። መጥታ ማይኩን ከእጄ ወሰደችው። በሕይወቷ ማይክ ይዛ አታውቅም፤ እንደ ማንኪያ ነው የያዘችው። የተናገረችው በቋንቋችን፣ በካፊኖኖ ነው። በአማርኛ ስጽፈው ይለዝብብኛል።

"የልጄ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ነው" አለች። "ተበላሽቷል። ቅጠሉን የሚቀይር እጅ ከቤቴ ጠፋ። ይሄ የልጄ አይደለም። ግን ጥሩ ቆጮ ነው፤ የደከመችበት ሴት አለች። ማን ናት? እሷን በስሟ ጥሯትና ልጄን ተዉልኝ።"

የእሳቱ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሁሉም አባዬን አየ፤ አባዬ ገመዱን ለቀቀ።

"ከሺሺንዳ ነው" አለ። "ስሟን አልጠየቅኋትም።"

"ኤዲያ!" አለች አንዲት ባልቴት ከሴቶቹ መሃል። "ቆጮዋን ገዝተህ ስሟን አትጠይቅም?" አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ሰው መተንፈስ ሲፈልግ የሚስቀው ነው። አቶ ሀብተ ማርያም ማይኩን መልሰው "እናመሰግናለን እናታችን፣ እንግዲህ ስሜት የሚነካ ቀን ነው፣ ወደ ሙዚቃ እንለፍ" አሉ። ሙዚቃው ተከፈተ።

እማዬ ቁራሹን ጨርሳ፣ እትዬ በዛወርቅ እሳት ጋ ጥቂት አውርታ ነው ከሜዳው የወጣችው። ተከተልኳት። አባዬ ከኋላችን ራቅ ብሎ መጣ። የወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሳትዞር፦

"በዛወርቅ ቀየረች አልከኝ።"

"አዎ።"

"ለሷ ደግሞ እኔ ቀየርኩ አልካት። ዛሬ እሳቱ ጋ ነገረችኝ።"

"አዎ።"

ትመታኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ድልድዩ ላይ ቆማ የቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች፤ እርጥብ አልነበረም።

"ሽታው ከጥቅምት ጀምሮ ሲመጣብኝ ነበር" አለች። "ተነስቼ ማየት ነበረብኝ። ብነሳ ይከፈታል። ቢከፈት ይበላል።"

ቤት እስክንደርስ ክንዴን ይዛ ነው የሄደችው፤ መንገዱ ያንሸራትት ስለነበር ይሆናል።


ታኅሣሥ 6፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ቀሚሷን አሸርጣ ወደ ጓሮ ወጣች። እትዬ በዛወርቅ ሳይጠሩ መጥተዋል። አባዬ ከእንሰቱ ዳር ቀረ።

"ና" አለችኝ እማዬ።

"እኔ?"

"ድንጋይ አንሳ።"

እትዬ በዛወርቅ "ብርቄ፣ ወንድ ልጅ እኮ ነው" አሉ።

"ሴት ልጅ የለኝም" አለች እማዬ። አላለቀሰችም። የጎመን ዘር የለኝም እንደሚባለው ነው ያለችው። እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዞሩ።

ድንጋዮቹን አነሳኋቸው። ቅጠሉ ቅጠል አልነበረም። ከሥሩ ያለው ጥቁር ነው፣ ውሃ ነው፣ ትል ነው። ጎንበስ ብዬ መሃሉን አየሁት። ዳር ዳሩንም አየሁት። ምንም የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

"ምንድነው የምትፈልገው?" አለች እማዬ።

"ምንም።"

አየችኝ። ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ "ግባ" ብቻ አለችኝ።

ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። በእጄ፣ በባልዲ፣ እያወጣሁ ሰጠኋት። እያንዳንዱን ባልዲ እጇን አስገብታ ታሸዋለች፣ ታሸትተዋለች፣ ትደፋዋለች። ከላይ ያለውንም፣ ከመሃሉም፣ ከሥሩም። አንዱንም ሳታይ አልደፋችም። አንዴ አንዱ ላይ ቆይታ ነበር፤ ለእትዬ በዛወርቅ እንዲያሸቱት ሰጠቻቸው፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደፋችው። የደፋነው ሁሉ እንሰቱ ሥር ነው፤ ለሥሩ ይሆነዋል።

ባዶ ሲሆን ከላይ ሆና አየችኝ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እኔ ግን ለመውጣት አልቸኮልኩም።

"አሁን ይደፈናል?" አልኳት።

"ለምን ይደፈናል?" ወደ አባዬ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ጣሰው! እነዚያን ሁለት እንሰቶች ጣልልኝ። የደረሱትን። በዛወርቅ መፋቂያዋን ታምጣ። የሺሺንዳዋ ሴት ቆጮ ከትናንት ተርፏል፣ እሱ እርሾ ይሆናል። ሐሙስ ደግሞ ገበያ ሂድና ስሟን ጠይቀህ ና።"

አባዬ ቆንጨራውን ፍለጋ ሮጠ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። "ስሟን ያልጠየቀ ወንድ፣ እግሩ እንዴት ነው የሚፈጥነው!" አሉ እትዬ በዛወርቅ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ግድግዳውን ጠረግሁ። ከዚያ እማዬ ከላይ አዲስ ቅጠል እያቀበለችኝ አነጠፍኩ። እዚህ ጋ ደርብ፣ እዚያ ጋ አሳሳ፣ እያለች። ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር። ማንም ሳያየኝ አለቀስኩ መሰለኝ።


ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት። ገና ከመቀመጤ ከኋላዬ ያሉት ልጆች ማጉረምረም ጀመሩ። "ምንድነው የሚሸተው?" "አምባሳደሩ ነው!" "ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ ያደረው?" አንዱ "ሴት ሆነ እኮ፣ ሰፈሩ አይቶታል" አለ። ሁሉም ሳቀ። የሂሳብ መምህሩ መጥተው ትንሽ ቆሙና መስኮቶቹን እንድንከፍት አዘዙ።

ከጎኔ ያለው ልጅ ወንበር ቀየረ። ሰላሐዲን ከፊት ተነስቶ ደብተሩን ይዞ መጣና የልጁ ቦታ ላይ ተቀመጠ። አፍንጫውን ይዞ።

"ስንት ቀን ይቆያል ይሄ ነገር?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። ታጥቤ ታጥቤ አልለቅ አለኝ" አልኩት።

አልታጠብኩም።